«ካሜራዬ ተበላሽቷል»

የአንባቢዎች ጥያቄ፣ የጡረተኛ መርከበኛ መልስ

ለአዲስ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። ሃያ ዓመት በአሜሪካ ባሕር ኃይል ኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሻን ነበርኩ። የመርከብ ራዳርና ሬዲዮ ጠጋኝ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሃይስኩል እንደጨረስኩ ገባሁ፤ በ2019 «ቺፍ» በሚባለው የአለቃ ማዕረግ ጡረታ ወጣሁ። አሁን ቨርጂኒያ ተቀምጬ የጎረቤት ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። በነፃ ነው፤ ስለዚህ አድራሻዬን አልናገርም።

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። ሁለቱን ቶሎ መልሼ ወደ ሦስተኛው እሄዳለሁ። ሦስተኛው እንቅልፍ ነስቶኛል።

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ የባሕር ኃይሉ ማሠልጠኛ ግሬት ሌክስ፣ ኤ ስኩል (የሙያው መነሻ ትምህርት) ላይ ነው። ቀጥሎ ለሲ ስኩል (በአንድ መሣሪያ ላይ ለሚሰጠው ትምህርት) ሳን ዲዬጎ እንደሚሄድ ነግረውታል። እኔና የስምንት ወር ልጃችን ሚኒያፖሊስ ነን። አብረን መሄድ እንችላለን? ወይስ ቁጭ ብለን እንጠብቅ? የቤት ኪራይ ውላችን ሊያልቅ ነው።»

መልስ፦ እህቴ፣ ዋናው ቁጥር 20 ነው። አንድ ቦታ ላይ የሚሰጠው ትምህርት 20 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከሆነ እንደ ቋሚ ዝውውር ይቆጠራል። ያኔ ቤተሰብ ይሄዳል፣ ዕቃችሁንም መንግሥት ያጓጉዛል። ከ20 ሳምንት ካነሰ ጊዜያዊ ነው። እሱ ባራክ ውስጥ ያድራል፣ አንቺ ባለሽበት ትቆያለሽ። በራስሽ ወጪ ሄደሽ አጠገቡ ቤት ብትከራዪ የሚከለክልሽ የለም፤ የሳን ዲዬጎን ኪራይ ግን መጀመሪያ ጠይቂ።

«ነግረውታል» ብለሻል። በባሕር ኃይል «ነግረውኛል» የሚባል ነገር ዋጋ የለውም። የተጻፈ ትእዛዝ እጁ ላይ እስኪገባ ድረስ ውልሽን አታፍርሺ። አብሮኝ የተማረ አንድ ልጅ ሚስቱ ቤት ለቃ፣ ሶፋ ሸጣ፣ ሻንጣ ሸክፋ ስትጨርስ ትእዛዙ ኖርፎክ ሆኖ መጣ። የአገሪቱ ሌላኛው ጫፍ! አንቺና ሕፃኗ ዲርስ በሚባለው የቤተሰብ መዝገብ ውስጥ መግባታችሁንም ዛሬውኑ ጠይቂው። እዚያ ካልተመዘገባችሁ ሕክምናውም ሌላውም ነገር ይጓተታል።

ጥያቄ፦ «ላስ ቬጋስ ነው የምኖረው። 20 ዓመቴ ነው፣ ግሪን ካርድ አለኝ። ኤሌክትሮኒክስ እወዳለሁ። መልማዩ (ሪክሩተሩ) ‹ግባ ብቻ፣ ውስጥ ከገባህ በኋላ ትቀይረዋለህ› አለኝ። ልመነው?»

መልስ፦ አትመነው ወንድሜ። ሰውየው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ወር በገባ ቁጥር የሚሞላው ኮታ ስላለበት ነው። በግሪን ካርድ ባሕር ኃይል መግባት ይቻላል። የኤሌክትሮኒክስ ዘርፍ ግን የሚስጥር ክሊራንስ፣ ማለትም ሚስጥር የማየት ፈቃድ፣ ይጠይቃል፤ ክሊራንስ ደግሞ ዜግነት ይጠይቃል። በሌላ ሙያ ገብተህ በአገልግሎትህ ዜግነት ማመልከት ትችላለህ፤ ሲቪል የሚጠብቀውን አምስት ዓመት አትጠብቅም። ከዚያ ሙያ መቀየር ግን ቦታ መኖሩን፣ የአለቃህን ፈቃድና የራስህን ውጤት ይጠይቃል። ዜግነትህ ሩቅ ካልሆነ እኔ ብሆን እሱን ጨርሼ እገባ ነበር። ውል ላይ ያልተጻፈ ነገር የለም ብለህ ቁጠረው።

ሌላ ማንም የማይነግርህ ነገር፦ የዓይንህን የቀለም ምርመራ ቀደም ብለህ አድርግ። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ሰው ለዚህ ሙያ አያልፍም። ሬዚስተር በሚባሉት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ላይ ያሉት ቀለበቶች በቀለም ነው የሚነበቡት፤ ሽቦውም እንደዚያው።

አሁን ወደ ሦስተኛው።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። የመጨረሻ ልጄ 19 ዓመቱ ነው። ኤሌክትሮኒክስ እማራለሁ ብሎ ባሕር ኃይል ገባ። ቡት ካምፕ (የምልምል ሥልጠናውን) ሲጨርስ ግሬት ሌክስ ድረስ ሄደን እልል ብለን ተመለስን። አለቀ፣ ወደ ቤት ይመጣል ብዬ ክፍሉን ቀለም አስቀባሁ። እሱ ግን መንገድ ተሻግሮ ሌላ ትምህርት ቤት ገባ። እሱን ሲጨርስ ደግሞ ሌላ አለ ይለኛል። ምን እየተማርክ ነው ስለው ‹ነገር ነው እማ› ይላል። ቀን ስልክ አያነሳም። ልቤ ተሰቅሎ ነው የሚውለው።

ሌላም አለ። እናቴ ደሴ ላይ ካረፈች አርባ ቀን አልፏል። ልጄ እስከ ሰባት ዓመቱ እሷ ጋ ነው ያደገው፤ እምዬ ነው የሚላት። ወንድሞቼ ‹ትምህርት ላይ ነው፣ አትንገሪው፣ ሲመጣ እናረዳዋለን› አሉኝ። እሺ አልኩ። አሁን ‹እምዬን አገናኙኝ› እያለ አስቸገረኝ። ጥቁር ለብሼ እንዳያየኝ ደግሞ ቪዲዮ ሲጠይቀኝ ካሜራዬ ተበላሽቷል እለዋለሁ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናዎት።

ከትምህርቱ ልጀምር፤ ሐዘኑ ጋ ስንደርስ ስለሚያስፈልገን ነው።

ቡት ካምፕ ኤሌክትሮኒክስ አያስተምርም። አልጋ ማንጠፍ፣ እሳት ማጥፋት፣ ሰዓት ማክበር፣ ሲጮኹብህ አለማልቀስ ነው የሚያስተምረው። እ.ኤ.አ. በ2022 አሥር ሳምንት አድርገውት ነበር፣ በ2025 መጀመሪያ ወደ ዘጠኝ አወረዱት። በመጨረሻው ሌሊት ልጆቹን ሕንፃ ውስጥ በተሠራች የውሸት መርከብ ላይ አሥራ ሁለት ሰዓት ያንገላቷቸዋል። ውሃ ይገባል፣ ጭስ ይነሣል፣ የቆሰለ ይሸከማሉ። ሲነጋ «ምልምል» የሚለውን ኮፍያ አውልቀው «ባሕር ኃይል» የሚለውን ያደርጋሉ። እኔ አለቀስኩ፤ አጠገቤ የነበረው የቴክሳስ ጎረምሳም አለቀሰ። እናቶች እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላቸዋል። ገና ፊደል መቁጠሩ ነው።

የአገራችንን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያስቡት። ልጁ ንባብ ይማራል፣ ዳዊት ይደግማል። ከዚያ ዜማ ቤት ይሄዳል። ከዚያ ደግሞ ሌላ አገር ተሻግሮ ቅኔ ቤት ይገባል። አንዱ መምህር ሁሉንም አያስተምርም፤ የቅኔው መምህር ጎጃም ካለ ጎጃም ነው የሚኬደው። የልጅዎም እንደዚያ ነው። መንገዱን ተሻግሮ የገባበት ኤ ስኩል ንባብ ቤት ነው። ኤሌክትሪክ እንዴት ይሄዳል፣ ትራንዚስተር ምን ይሠራል፣ ኦሲሎስኮፕ ላይ የሚታየው ሞገድ ምን ማለት ነው፣ ይኼን ይማራል። ሲ ስኩል ቅኔ ቤት ነው። እዚያ «ራዳር» በጥቅሉ የለም። ይቺን ራዳር፣ ይቺን አንዷን መሣሪያ፣ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ነው የሚማረው። መሣሪያዋ ያለችበት ቦታ ይሄዳል፤ ሳን ዲዬጎ ሊሆን ይችላል፣ ቨርጂኒያ ቢችም ሊሆን ይችላል። እንደ ሙያው ከቡት ካምፕ እስከ መጀመሪያዋ መርከብ ዓመት ተኩል፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት ይሄዳል። በዚህ ዘርፍ የሚገቡት ልጆች ስድስት ዓመት የሚፈርሙትም ለዚህ ነው። መንግሥት አስተምሮህ ሲያበቃ የምታገለግልበት ጊዜ መትረፍ አለበት።

ይህን ሁሉ ለምን ይማራል ይሉ ይሆናል። አንድ ሌሊት ልንገርዎት። ነሐሴ ነበር፣ የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ላይ ነን። ሙቀቱ ሌሊትም አይበርድም፣ አየሩ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ ይለጠፋል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቀሰቀሱኝ። ራዳሩ በርቷል፣ ግን ሩቅ አያይም። ዙሪያችን የነዳጅ መርከብና የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ሞልቷል። ማንን እጠራለሁ? ጠጋኙ እኔ ነኝ። አጠገቤ ያለው ጀማሪ ልጅ ከትምህርት ቤት ከወጣ ገና ሦስት ወሩ ነው።

የሚያስተምሩን ስድስት ደረጃ አለ። መጀመሪያ ምልክቱን ለይ። ቀጥሎ ምልክቱን በደንብ መርምር። ከዚያ ጥፋቱ የት የት ሊሆን እንደሚችል ዘርዝር። ከዚያ ክፍሉን፣ ከዚያ ሰርኪዩቱን አጥብበህ አግኝ። መጨረሻ ላይ ለምን እንደተበላሸ እወቅ። ትዕግሥት የሌለው ሰው ከአንደኛው ወደ አምስተኛው ይዘላል። ያገኘውን የሰርኪዩት ካርድ ሁሉ ይቀይራል፣ የመንግሥት ገንዘብ ያቃጥላል፣ ራዳሩም እንደታመመ ይቀራል። እኔም ልዘል ነበር። ልጁ ነው «ቺፍ፣ የአየር ግፊቱን አይተነዋል?» ያለኝ። ሞገዱ ወደ አንቴና የሚወጣበት የብረት ቱቦ አለ፤ ውስጡ ደረቅ አየር መሆን አለበት። ማድረቂያዋ ቆማ የባሕረ ሰላጤው እርጥበት ገብቶበታል። እሳት እየረጨ ኃይሉን እዚያው ይበላዋል። ሊነጋጋ ሲል ራዳሩ አየ። የራዳር ሞገድ አንድ የባሕር ማይል ሄዶ እስኪመለስ 12.36 ማይክሮ ሰከንድ ነው የሚፈጅበት። ያንን ቁጥር ኤ ስኩል ሸምድጄው ነበር፤ እኔ ግን እርጥበቷን እስካገኛት ሦስት ሰዓት ፈጀሁ።

ልጅዎ ያንን የሦስት ወር ልጅ ለመሆን ነው የሚማረው።

ይህ ትምህርት ሲጀመርም እንዲሁ ረጅም ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ራዳር አዲስ ነገር ሆኖ ጠጋኝ ጠፋ። ቺካጎ ውስጥ የቴሌቪዥን ጣቢያ ይመራ የነበረ ዊሊያም ኤዲ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1942 ጣቢያውን የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት አደረገው። የመግቢያው ፈተና በስሙ «የኤዲ ፈተና» ይባል ነበር። ያልፍ የነበረው ልጅ ጦርነት እየተካሄደ፣ ሰው እየረገፈ፣ ወራትና ወራት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር የሚማረው። የዚያን ጊዜ እናቶችም «ይኼ ልጅ መቼ ነው የሚጨርሰው?» ሳይሉ አልቀሩም።

«ነገር ነው እማ» ስላለው ደግሞ አይቀየሙት። እየዋሸ አይደለም። በዚህ ሙያ፣ በተለይ ሲ ስኩል ሲደርስ፣ ብዙው ትምህርት ሚስጥር ነው። ስልክ ውጪ ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ደብተር ሳይቀር ክፍል ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚያድረው፤ ማታ ሊያጠና ቢፈልግ ተመልሶ እዚያው ይሄዳል። ስለዚህ ቀን ሲደውሉ የማያነሳው ክፍል ውስጥ ስለሆነ ይሆናል። ምልክቱን ይለዩ እህቴ። ስልክ አለማንሳት ብቻውን የክፉ ነገር ምልክት አይደለም። ቡት ካምፕ ላይ አንዲት አጭር ጥሪ አግኝተው ሳምንታት ጠብቀው የለ? ይኼ ከዚያ ይሻላል። ማታና ቅዳሜ ይያዙት። መርከብ ላይ ሲወጣ ደግሞ የት እንዳለ፣ መቼ እንደሚመለስ ፌስቡክ ላይ እንዳይጽፉ። ከአሁኑ ይልመዱት።

አሁን ወደ እምዬ።

እኔንም አያቴ ናት ያሳደገችኝ፣ ጎንደር። በ12 ዓመቴ ወደ እናቴ መጣሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሳን ዲዬጎ ሲ ስኩል ላይ ሳለሁ አያቴ ሚያዝያ ላይ አረፈች። የሰማሁት መስከረም ላይ ነው። አምስት ወር! በካርድ ስልክ እየደወልኩ «አያቴስ?» እላለሁ። «ተኝታለች» ይሉኛል። «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» ይሉኛል። በእነዚያ አምስት ወራት አያቴ የሄደችውን ያህል ቤተ ክርስቲያን በሕይወቷ አልሄደችም።

መስከረም ላይ ፈቃድ አግኝቼ መጣሁ። እናቴ ደለስ አየር ማረፊያ ጠበቀችኝ። ሽማግሎቹ ለማግስቱ ንጋት ነበር የተቀጠሩት። እናቴ ጥቁር ቀሚሷን ለውጣ ሰማያዊ ለብሳለች። ራሷ ላይ ያሰረችውን ሻሽ ግን ረስታዋለች። ጥቁር ነው። ሻሹን አየሁ፣ ፊቷን አየሁ፣ ቀና ብዬ «አያቴ ናት?» አልኩ። ሻንጣዬ ውስጥ ለአያቴ የገዛሁት ሻርፕ ነበር። የሰው መርዶ በሻሽ ተነገረኝ።

ቤተሰቤ ለክፋት አላደረገውም። በእኛ አገር ለተማሪ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለመንገደኛ መርዶ አይነገርም። ደግነት ነው። ግን ምን እንዳስከተለ ልንገርዎት። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ «ሁሉም ደህና ነው» ስትለኝ አላመንኳትም። ሃያ ዓመት ሙሉ። መርከብ ላይ ስድስት ሰባት ወር ሲኬድ ከቤት የሚደርስህ ቃል እሱ ብቻ ነው። እሱን ካላመንክ ማታ ማታ አልጋህ ላይ ሆነህ ሰው ትቀብራለህ። እኔ ዘመዶቼን በየተራ ቀብሬያቸዋለሁ። አብዛኞቹ እስከ ዛሬ በሕይወት አሉ።

ስለዚህ ይንገሩት።

በዚያ ላይ ልጅዎ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ነው። ለኤሌክትሮኒክስ ተማሪ «ካሜራዬ ተበላሽቷል» ይባላል? ሁለት ሳምንት ቢቆይ «እስቲ ሴቲንጉን ክፈቺው» ማለቱ አይቀርም። ምናልባት ጠርጥሯል። «አገናኙኝ» እያለ የሚያስቸግርዎትም ምልክቱን እየመረመረ ይሆናል።

እንዴት ይነገረው? በጽሑፍ አይሁን። በፈተና ዋዜማ ወይም እሑድ ማታም አይሁን፤ ሰኞ ንጋት ክፍል ይገባል። ቅዳሜ ጠዋት ጥሩ ነው፤ ሁለት ቀን ያገኛል። ሲደውሉ መጀመሪያ «ማን አለ አጠገብህ?» ብለው ይጠይቁት። ብቻውን ከሆነ ጓደኛ ይጥራ። ሰኞ ለክፍል አለቃው ይንገር፤ የሚያፍርበት ነገር የለም። የመርከበኞቹ ቄስም አለ፤ ቻፕሌን ይሉታል። ሃይማኖቱ ከእኛ ባይገጥምም የነገሩትን ለማንም አያወጣም፤ ለአለቃም ቢሆን። ልጁ ከባሰበትና ትምህርቱ ከተስተጓጎለ ከኋላው ወደሚመጣው ክፍል ይመልሱታል። ያ መውደቅ አይደለም። እኔ ያለሐዘንም በዲጂታል ሰርኪዩት አንዴ ተመልሻለሁ።

ለወደፊት ደግሞ ይኼን ይያዙ። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የአሜሪካ ቀይ መስቀል አለ። ሙሉ ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የትውልድ ቀኑንና ያለበትን የጦር ክፍል ይነግሯቸዋል። እነሱ ሞቱን ወይም ሕመሙን አጣርተው ለአለቃው ያደርሳሉ፤ ባሕር መካከል ቢሆንም ያገኙታል። ፈቃዱን የሚሰጠው አለቃው ነው። አያት ብዙ ጊዜ እንደ ቅርብ ቤተሰብ አትቆጠርም፤ እንደ ወላጅ ሆና ያሳደገች ከሆነች ግን ይለያል። ስለዚህ «ያሳደገችው ናት» የምትለዋን ቃል እንዳይረሱ። እነዚህን መረጃዎች ወረቀት ላይ ጽፈው ፍሪጅ ላይ ይለጥፉ።

ወንድሞችዎ ይቆጣሉ። ይቆጡ። በእኔ ያሳብቡ፤ «ያ መጽሔት ላይ የሚጽፈው ሰውዬ ነው» ይበሏቸው። ሲ ስኩሉ የት እንደሆነ አልነገሩኝም እንጂ ምናልባት እዚሁ ቨርጂኒያ ያለው ዳልግረን ይደርሰው ይሆናል። ከእናንተ ቤት በፖቶማክ ወንዝ ወደ ታች ወርዶ ነው፤ በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ያኔ የተቀባው ክፍል ቅዳሜና እሑድ ሰው ያገኛል። ካልሆነም በፈረንጆቹ ገና ሰሞን ብዙ ተማሪ ፈቃድ ይወጣል። የእምዬን ሙት ዓመት ከእሱ ጋር የምታወጡበትን መንገድ ያስቡ።

ቅዳሜ ሲደውሉ ቪዲዮ ያድርጉ። ፊትዎን ማየት አለበት። ጥቁሩን ግን ከመደወልዎ በፊት ያውልቁት፤ ሻሹንም ጭምር። ከአፍዎ ይስማው፤ ነግረውት ሲያበቁ መልሰው ይልበሱት።